የእናቶች ክፍል ፕላን፦ ኤልዲአር፣ ኤልዲአርፒ ወይስ የቀድሞው የተለያየ ክፍል?

ጠያቂ፦ ፕላን_ላይ

ሰላም ለሁላችሁ። በዓመት 3000 ገደማ ወሊድ የሚያስተናግድ የእናቶች ክፍል ፕላን እየተሠራ ነው። ከነዚህ 600 ያህሉ በቀዶ ሕክምና የሚወልዱ ይሆናሉ። የቀረቡት አማራጮች ሦስት ናቸው።

ሀ) የቀድሞው አሠራር። ምጥ መጠበቂያ፣ ማዋለጃ፣ ማገገሚያና የድህረ ወሊድ ዋርድ ለየብቻ።
ለ) ኤልዲአር። ምጡም፣ ወሊዱም፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማገገምም በአንድ ክፍል፤ ከዚያ እናት ከነልጇ ወደ ድህረ ወሊድ።
ሐ) ኤልዲአርፒ። እናት ከገባች እስክትወጣ ያው አንድ ክፍል።

አስተዳደሩ ሐ ይሁን ይላል፤ እናት አትንገላታም፣ ቤተሰብም ይወደዋል በሚል። አዋላጆቹ ወደ ለ ያዘነብላሉ። የኮንስትራክሽን ወገን ደግሞ ሐ የኦክስጅንና የሳክሽን (ፈሳሽ መምጠጫ) መስመሩን በእጥፍ ያሳድገዋል ባይ ነው። ለእያንዳንዱ ስንት ክፍል ያስፈልጋል? ውሳኔውን በምን መመዘኛ ብናደርገው ይሻላል? ስፋትንና የግድግዳ ዕቃን በተመለከተም የምታውቁትን ብትነግሩን።

---

መልስ፦ አልጋ_ቆጣሪ

ሞዴሉን ከመምረጣችሁ በፊት ሰዓት ቁጠሩ። በዓመት የሚገቡትን እናቶች አንዷ ክፍሉን በምትይዝበት ሰዓት አባዙና ለ8760 (የዓመቱ ሰዓት) አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ ስንት ክፍል እንደተያዘ ይነግራችኋል።

በምጥ የሚወልዱት 2400 ናቸው። ለስሌቱ 10 ሰዓት ምጥ፣ ከወሊድ በኋላ 2 ሰዓት፣ ለጽዳትና ለዝግጅት 1 ሰዓት ልያዝ። 10 ሰዓቱ የተጋነነ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ንቁ ምጥን የሚቆጥረው ማሕፀን አፍ 5 ሳንቲ ሜትር ከተከፈተ ጀምሮ ነው፤ ለመጀመሪያ ወሊድ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ለተከታዩ ከ10 ሰዓት አይዘልም ይላል። ብዙዎቹ ቀደም ብለው ስለሚገቡ ሂሳቡ ይቀራረባል። ከወሊድ በኋላ እናትና ሕፃን ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋሙ እንዲቆዩ የሚመክረውም እሱ ስለሆነ 24 ሰዓት ይዣለሁ።

ኤልዲአር፦ 2400 ሲባዛ በ13፣ ሲካፈል ለ8760፣ 3.56 ይመጣል። ብዙ ፕላን የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። 3.56ን ወደ 4 ያጠጋጉና "መጠባበቂያ" ብለው አንድ ጨምረው 5 ያደርጉታል። ምጥ ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ አንዳንድ ሌሊት ማንም አይመጣም፣ አንዳንድ ሌሊት ሰባት እናት በአንድ ጊዜ ትገባለች። ለስልክ መስመር ተብሎ የተቀመረው የኤርላንግ ቢ ቀመር ለዚህ በደንብ ይሠራል። በ5 ክፍል ከ100 እናት 16ቷ ስትመጣ ሁሉም ተይዞ ታገኛለች። በ7 ክፍል 4 ያህል፣ በ8 ክፍል 2 ገደማ። ከ1 በታች የሚወርደው 9 ክፍል ሲሆን ነው።

የአማራጭ ለ ድህረ ወሊድ፦ ለነዚሁ እናቶች 22 ሰዓትና 1 ሰዓት ጽዳት፣ በአማካይ 6.3 አልጋ። በቀዶ ሕክምና የወለዱት 600 ሦስት ቀን ቢቆዩ ጽዳቱን ጨምሮ 5 አልጋ ይይዛሉ። ሁለቱ አንድ ዋርድ ሲጋሩ አማካዩ 11.3 ነው፤ 20 አልጋ ይበቃል።

ኤልዲአርፒ፦ 10 ሲደመር 24 ሲደመር 1፣ 35 ሰዓት። አማካዩ 9.6፤ ከ1 በመቶ በታች ለመውረድ 17 ክፍል። የቀዶ ሕክምና እናቶች ግን አሁንም አልጋ ይፈልጋሉ። ለብቻ 11 አልጋ ትሠራላችሁ፣ ወይም እነሱም ወደ ኤልዲአርፒ ይግቡ ካላችሁ ክፍሉ ወደ 24 ያድጋል። ዋርድን ጨርሶ የሚያስቀር ሞዴል ነው የሚባለው ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

አንድ ማዋለጃ ክፍል 30፣ የድህረ ወሊድ ነጠላ ክፍል 15 ካሬ ሜትር ብትሉ (መጸዳጃና ኮሪደር ሳይቆጠር) አማራጭ ለ 570፣ አማራጭ ሐ ከ11 አልጋው ጋር 675 ካሬ ሜትር ይሆናል። የስፋቱ ልዩነት አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሙሉ ማዋለጃ ዕቃ፣ ማለትም አልጋው፣ የሕፃን ማሞቂያው፣ የጋዝ መውጫው፣ ከ9 ወደ 17 መዝለሉ ነው። ያ ዕቃ ደግሞ ከ35ቱ ሰዓት 23ቱን ሥራ ፈትቶ ይቆማል።

በዓመት 500 ወሊድ (400 በምጥ) ቢሆን ኖሮ መልሱ ይገለበጥ ነበር። በኤልዲአር 4 ክፍልና 5 የድህረ ወሊድ አልጋ ሲያስፈልግ በኤልዲአርፒ 6 ክፍል ለምጡም ለድህረ ወሊዱም ይበቃል (የቀዶ ሕክምና እናቶች በሁለቱም ሳይቆጠሩ)። ትንሽ ሆስፒታል ሲሆን ክፍልን ሁለት ቦታ መከፋፈል በሁለቱም በኩል መጠባበቂያ ያስይዛል። ስለዚህ "ዘመናዊው ሐ ነው" የሚለውን ተዉት፤ ሐ የትንንሾች ሞዴል ነው። በ3000 እኔ አማራጭ ለን እመርጣለሁ።

---

መልስ፦ ሲስተር_ሌሊት_ተረኛ

ስሌቱን እቀበላለሁ፣ ሁለት ቀዳዳ ግን አለው።

አንደኛው፣ በቀዶ ሕክምና ከሚወልዱት ብዙዎቹ መጀመሪያ ያምጣሉ። ግማሾቹ 8 ሰዓት ካማጡ በኋላ ኦፕሬሽን ቢገቡ፣ ጽዳቱን ጨምሮ 0.3 ክፍል ይይዛሉ። ሁለተኛውና ትልቁ በመድኃኒት የሚጀመር ምጥ ነው። ማሕፀን አፍ እስኪለሰልስ የሚጠበቀው ጊዜ በኤልዲአር ውስጥ ከተደረገ ክፍሉን ይበላዋል። 480 እናቶች 12 ሰዓት ተጨማሪ ቢይዙ 0.66 ነው። ሁሉም ሲደመር 3.56 የነበረው 4.5 ይሆናል፤ 9 ክፍላችሁም 10 ወይም 11 ይጠይቃል። መፍትሔው ተጨማሪ ክፍል መገንባት አይደለም። ማለስለሱ በቅድመ ወሊድ ዋርድ ይሁን፤ የፅንሱን ልብ መከታተያ ያለው ሁለት ሦስት አልጋ እዚያ መድቡ፣ ንቁ ምጥ ሲጀምር ወይም ኦክሲቶሲን ድሪፕ (ምጥ የሚያጠነክር መድኃኒት በደም ሥር) ሲያስፈልግ ወደ ኤልዲአር ትምጣ። ገና 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለችም እንዲሁ። ያለ ትሪያጅ (የመጡትን መርምሮ መለያ) ክፍል ኤልዲአር መክፈት ማለት ሁሉም ማዋለጃ ክፍል ትሪያጅ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሞዴሉን የሚወስነው የሌሊት ተረኛ ብዛት ነው።

በጋራ ምጥ መጠበቂያ አንዲት አዋላጅ መሐል ላይ ቆማ አራት እናት ታያለች። ትክክለኛ እንክብካቤ ነው አልልም፤ ግን አንዷ ስትደማ ወይም ስትንቀጠቀጥ ይታያል። ነጠላ ክፍል ውስጥ በር ሲዘጋ ዓይንም ጆሮም ይዘጋል። በአማካይ 3.56 ክፍል ከተያዘ፣ ከ10 ሰዓት በ7ቱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ክፍል ተይዟል ማለት ነው። ከ100 ሰዓት በ7ቱ ደግሞ 7 ወይም ከዚያ በላይ። ሌሊት ሁለት አዋላጅ ብቻ የምትመድቡ ከሆነ በአብዛኛው ሰዓት አንዲት እናት ከተዘጋ በር ጀርባ ብቻዋን ናት። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ድምፅ የለውም፤ አንሶላ ሥር ይጠራቀማል። በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ማሕፀኗ መጠንከሩ፣ የደሙ መጠን፣ የልብ ምቷና ግፊቷ መታየት አለበት። አንድ አዋላጅ በሁለት ክፍል ይህን እየሠራች በሦስተኛው ማዋለድ አትችልም።

በንቁ ምጥ ላይ ላለችና ለወለደች እስከ 2 ሰዓት አንድ ለአንድ ያዙ። ደህና ሆና ወደ ድህረ ወሊድ የተዛወረች እናት ከነልጇ ሦስት ለአንድ ትሄዳለች። በሐ ያለው ችግር ሁለቱ ዓይነት ሥራ በአንድ ሰው እጅ መግባቱ ነው። አዋላጇ የምታምጠው ጋ ትሮጣለች፣ ትናንት የወለደችው ይረሳታል። ጡት ማጥባት ያልጀመረ ሕፃን፣ ሽንቷ ያልወጣላት እናት፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የደም ግፊት የሚታለፉት እንዲህ ነው። ከዚያም በላይ ሐ ሁሉም ተረኛ ምጥንም፣ ድህረ ወሊድንም፣ ሕፃኑንም እኩል እንዲያውቅ ይፈልጋል። ሥልጠናው በሕንፃው ርክክብ ቀን ሳይሆን ከወራት በፊት ካልተጀመረ ክፍሉ ሐ ተብሎ አሠራሩ ሀ ይሆናል።

የአስተዳደሩ ክርክርም ባዶ አይደለም። ዝውውር ርክክብ ነው፤ በርክክብ መሐል መረጃ ይጠፋል። አማራጭ ለ ግን ያለው አንድ ዝውውር ብቻ ነው፣ እሱም እናትየዋ ከተረጋጋች በኋላ። ሕፃኑ ደረቷ ላይ እንዳለ፣ በአልጋዋ ሆና፣ ከነአስታማሚዋ ከሄደች፣ ፓርቶግራፉ (የምጥ መከታተያ ቅጹ) እና የደም መፍሰሱ መጠን ዋርዱ ላይ አልጋዋ አጠገብ በቃልም በጽሑፍም ከተነገረ፣ ዝውውሩ ብዙ አይጎዳም።

አማራጭ ለን የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፦ ድህረ ወሊድ ሲሞላ። የወለደችው ቦታ ስታጣ ማዋለጃው ውስጥ ትቀራለች፣ የምታምጠው ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች። ዋርዱ የሚሞላው ብዙ ጊዜ አልጋ አንሶ አይደለም፤ የመውጫ ወረቀት ስለሚዘገይ ነው። ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ረፋድ ላይ፣ ፊርማ ከሰዓት፣ ቤተሰብ ማታ። መውጣት የተፈቀደላት እናት የምትቀመጥበት ወንበርና ሕፃን መቀየሪያ ያለው አንድ መጠበቂያ ክፍል ከሁለት ተጨማሪ አልጋ ይበልጣል።

---

መልስ፦ የጋዝ_መስመር

የክፍሉን ውስጥ እኔ ልውሰድ። ባጭሩ፣ 30 ካሬ ሜትር ሲባል ቁም ሣጥን፣ መጸዳጃና የበር መክፈቻ ሳይቆጠር ነው። የጠባቡ ጎን ከ4 ሜትር ባይወርድ ይመረጣል።

አልጋው 1 ሜትር በ2.3 ያህል ነው። በግራና በቀኝ 1.2 ሜትር፣ በእግር በኩል 1.5 ሜትር ባዶ ይተው። የትከሻ መያዝ (የሕፃኑ ራስ ወጥቶ ትከሻው ሲያዝ) ሲያጋጥም በሁለቱም ጎን የእናትየዋን እግር የሚያጥፍ ሰው ይቆማል፤ አልጋውን ግድግዳ ያስጠጋ ፕላን አንዱን ጎን ይነሣል። የእግርጌው ክፍል ወደ በሩ አይዙር። ዞሮ ከሆነ በር በተከፈተ ቁጥር ኮሪደሩ ሁሉ ያያታል፤ መጋረጃ ቢሰቀል ደግሞ ስትሬቸር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠለፈው እሱ ነው።

የሕፃኑ ቦታ የራሱ ጥግ ይኑረው፣ 4 ካሬ ሜትር አካባቢ፣ እናትየዋ አንገቷን ሳታዞር የምታየው። ከማቀዝቀዣ መውጫ ሥር፣ ከመስኮትና ከበር አጠገብ አይሁን። ርጥብ ሕፃን ነፋስ ላይ ከተኛ የማሞቂያው ጨረር ከላይ ቢወርድም ሙቀቱ ያመልጣል። የክፍሉ ሙቀት በወሊድ ሰዓት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሆን አለበት፣ የምታምጥ እናት ግን ይሞቃታል። ስለዚህ መቆጣጠሪያው በየክፍሉ ይሁን፤ ለፎቁ በሙሉ አንድ ቴርሞስታት ከተደረገ ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ይጎዳል።

ጋዝ፦ ለእናት 1 ኦክስጅንና 2 ሳክሽን፤ ለሕፃን በራሱ ጥግ ኦክስጅን፣ የሕክምና አየርና ሳክሽን። የሕክምና አየሩን ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ አትሰርዙ። ጊዜውን የጠበቀ ሕፃን ትንፋሽ ሲሰጠው የሚጀመረው በተራ አየር ነው፤ ኦክስጅን ሲያስፈልግም ከአየር ጋር የሚያዋህድ ብሌንደር ሁለቱንም መስመር ይፈልጋል። የሕፃኑ ሳክሽን ከ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዳያልፍ የራሱ መቆጣጠሪያ ይገጠምለት። የአዋቂውን ቱቦ ቀይሮ ለሕፃን መጠቀም አደጋ ነው፣ አንድ መውጫ ብቻ ካለ ግን በጭንቅ ሰዓት የሚሆነው እሱ ነው።

አየር ዝውውር በሰዓት 6 ጊዜ፣ ከዚያ ውስጥ 2ቱ ከውጭ የገባ። ለሕመም ማስታገሻ ናይትረስ ኦክሳይድ የምትጠቀሙ ከሆነ የተረፈውን ጋዝ የሚያወጣ መምጠጫ ከመጀመሪያው ይታሰብ። ሶኬቶቹ በእናት ራስጌም በሕፃን ጥግም በተጠባባቂ ጀነሬተር ላይ ይሁኑ።

መጸዳጃና ሻወር በየክፍሉ፣ ያለ ደፍ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት ወይም ይንሸራተት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ራሷን ስታ በሩ ላይ የወደቀችን እናት ማውጣት አይቻልም። የመጥሪያ ገመዱ ወለል እስኪነካ ይውረድ።

የክፍሉ በር 1.2 ሜትር ንጹሕ ስፋት ይኑረው። 90 እና 40 ሳንቲ ሜትር በሆኑ ሁለት ክንፎች ቢሠራ ለዕለት ሥራ ትልቁ ብቻ ይበቃል። ኮሪደሩ 2.4 ሜትር ይሁን። ኦፕሬሽን ክፍሉ እዚያው ፎቅ ላይ ይሁን። ወደ ኦፕሬሽን የሚወስደው መንገድ በሊፍት ካለፈ፣ ድንገተኛ ኦፕሬሽን ከተወሰነ በኋላ ሕፃኑ "በ30 ደቂቃ ውስጥ" ይውጣ የሚለው ደንብ በሊፍቱ ጤንነት ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

---

ፕላን_ላይ

በጣም አመሰግናለሁ፤ የሌሊቱ ስሌት ብቻውን ስብሰባውን ይለውጠዋል። ሁለት ነገር ልጨምር። አስተዳደሩ ሐን ጨርሶ ካልተወ መሐል መንገድ አለ? ሌላው፣ ከነባሩ ሕንፃ አንድ ክንፍ አይፈርስም፤ እዚያ ባለ 6 አልጋ የጋራ ምጥ መጠበቂያ አለ። ሀን በከፊል ማቆየት ነውር ነው?

---

መልስ፦ ሲስተር_ሌሊት_ተረኛ

ነውር የለውም፣ የሀ ትልቁ ጉድለት ግን ይወገድ። እሱም ሙሉ በሙሉ የተከፈተላትን እናት ከአልጋዋ አስነሥቶ ወደ ማዋለጃ ኮች (ለማዋለድ ብቻ የሚያገለግል አልጋ) መውሰድ ነው። ልጅ ኮሪደር ላይ የሚወለደው በዚያ ሰዓት ነው፤ በተለይ ከዚህ በፊት የወለደች ስትሆን። የጋራ ክፍሉ ይቆይ፤ 6ቱን አልጋ ወደ 4 ቀንሱ፣ በመጋረጃ ሳይሆን በጠንካራ ክፍልፍል ለዩ፣ እያንዳንዷ ባማጠችበት አልጋ ትውለድ። አልጋው እግርጌው የሚነሣ ይሁን። አብሯት የሚሆን ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ይግባ፤ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል። ክፍልፍል ከሌለ ግን የሌሎቹን ገመና ለመጠበቅ ተብሎ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው። የሕፃን ማሞቂያ ለ4ቱ አንድ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ይሁን። መተንፈስ ያቃተው ሕፃን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አምቡ ባግ (በእጅ የሚጨመቅ ትንፋሽ መስጫ) ያስፈልገዋልና ባጉና ማስኩ በየአልጋው ይሰቀል።

ይህን ክንፍ ለአዲሱ ክፍል ማስተንፈሻ አድርጉት፦ ዘጠኙ ሲሞላ ብቻ የሚከፈት ሳይሆን ሠራተኛ የተመደበለት። ሰው የሌለው መጠባበቂያ አልጋ ዕቃ ማከማቻ ይሆናል።

---

መልስ፦ የጋዝ_መስመር

ስለ መሐል መንገዱ። ከ20ው ድህረ ወሊድ ክፍል ለማዋለጃው የሚቀርቡትን 4ቱን በኤልዲአር ስፋት ሥሩ። የጋዝ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ይግባ፣ ጫፉ ተደፍኖ ይቆይ፣ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት በግፊት ይፈተሽ። ለነዚህ 4 ክፍሎች የራሳቸው መዝጊያ ቫልቭ ካልተደረገ ግን ነገሩ ከንቱ ነው፤ ኋላ መውጫ ለመግጠም የፎቁን ኦክስጅን መዝጋት ግድ ይላል፣ ያንን ደግሞ ማንም አይፈቅድም። የፍሳሽ መስመራቸውንም እንዲሁ አሁኑኑ አስቡ። አስተዳደሩ በ4 ክፍል ሐን ይሞክር፤ ከሠራ ይስፋ።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ አንድ ክፍል በሙሉ ልኩ ባዶ አዳራሽ ወለል ላይ በቴፕ አስምሩ። እውነተኛ አልጋ፣ ማሞቂያ፣ የደም መፍሰስ ትሮሊና የስትሬቸር መንገድ አስገቡ፤ በሩን በካርቶን ሥሩ። አዋላጆች፣ የማደንዘዣ ባለሙያና የጽዳት ሠራተኛ ጠርታችሁ ሦስት ነገር አሠሩ፦ የትከሻ መያዝ፣ እናቲቱ እየደማች ሕፃኑም ትንፋሽ ሲፈልግ በአንድ ጊዜ፣ ከዚያ አልጋውን ከነሲረንጅ ፓምፑና ከነድሪፕ መስቀያው ይዞ ወደ ኦፕሬሽን መውጣት። በሦስተኛው ላይ ሰዓት ያዙ፣ አልጋው በር ላይ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና እንደዞረም ቁጠሩ። ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነ በሩ ያለበት ቦታ ይቀየር እንጂ አልጋ አይቀየር። ሻጩ የሚያመጣው አነስተኛ አልጋ ብዙ ጊዜ እግርጌው የማይወርድ ነው።

---

መልስ፦ አልጋ_ቆጣሪ

ቀመሩ ውስጥ የኔን 10 እና 24 ሰዓት እንዳለ አትውሰዱ። ካለፈው ዓመት መዝገብ የመግቢያ፣ የወሊድና የመውጫ ሰዓት አውጡ። አማካዩን ብቻ ሳይሆን በሰዓት የተከፋፈለውን እዩ፤ ቀጠሮ የተያዘላቸው ኦፕሬሽኖችና በመድኃኒት የሚጀመሩ ምጦች በሥራ ቀን ስለሚከማቹ የማክሰኞ እኩለ ቀን ከእሑድ ሌሊት ጋር አይመሳሰልም። መዝገቡ ላይ የመውጫ ሰዓት ካልተጻፈ ቢያንስ ለአንድ ወር ከአሁን ጀምሮ አስመዝግቡ።

17ቱን ክፍል በ9 ስትቀይሩ የሚተርፈውን ቦታም አስተዳደሩ ለቢሮ ሳያደርገው ትሪያጁንና የመውጫ መጠበቂያውን ፕላኑ ላይ በስም ጻፉ።